የስፖርት ጉዳትን መከላከል፣ መንከባከብና ማገገም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ በድሬዳዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በድሬዳዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ወላጆቻቸውና የጤናና ሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ስለ ስፖርት ጉዳት ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ የሐኪምን ምርመራ አይተኩም፤ ሐኪም ዘንድ ከመድረስ በፊት ባለው ሰዓትና ሐኪሙ ካሰናበተ በኋላ ባሉት ሳምንታት ምን መደረግ እንዳለበት ግን ያስረዳሉ። የብዙ ወጣቶች ጉዳት የሚባባሰው በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት ነውና ሰፊው ቦታ ለእነርሱ ተሰጥቷል።

የስፖርት ጉዳት ትምህርት ምን ምን ይዟል? ተማሪውን ግማሽ ሐኪም ለማድረግ ነው?

አይደለም። ትምህርቱ ሦስት ነገሮችን ያስጨብጣል፤ ጉዳት እንዳይደርስ ሰውነትን ማዘጋጀት፣ ጉዳት ሲደርስ ከባዱን ከቀላሉ ለይቶ የመጀመሪያ እርዳታ መስጠት፣ ከዚያም የተጎዳው አካል የቀድሞ ብርታቱን እስኪያገኝ ድረስ በደረጃ ማሠራት። በአሜሪካ በርካታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ሕክምና የሚባል የምርጫ ትምህርት ይሰጣሉ፤ በዚያም ቢሆን ተማሪው የሚሠራው ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሥር ነው፤ ምርመራውና ውሳኔው የባለሙያው ድርሻ ነው። በእኛ ዘንድ ጉዳዩ በጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ውስጥ የሚነሣ ሲሆን፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከደብተር ሳይወጣ ይቀራል። በእኔ አስተያየት አንድ ተማሪ ከዚህ ትምህርት ይዞት ሊወጣ የሚገባው ትልቁ ችሎታ «ይህ ልጅ ዛሬ ወደ ሜዳ አይመለስም» ብሎ መለየትና ይህንኑ አምበሉና ደጋፊው እየጮኹ ሳሉ ደፍሮ መናገር ነው። ፋሻ አስተሳሰር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ልጄ ለ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀ ነው፤ በፈተና ለማይመጣ ነገር ለምን ጊዜ ያጠፋል?

በብሔራዊ ፈተናው እንደማይመጣ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጉልበቱ ተጎድቶ በክራንች የሚመላለስ ወይም ጭንቅላቱን ተመትቶ መጽሐፍ በገለጠ ቁጥር ራስ ምታት የሚነሣበት ተማሪ የሚያጣው የጥናት ጊዜ ይህን ትምህርት ለመማር ከሚጠፋው ጊዜ እጅግ ይበልጣል።

ከጨዋታ በፊት ሜዳውን ሁለት ዙር ሮጦ እግርን መሳሳብ አይበቃም?

አይበቃም። ለረጅም ዓመታት የተለመደው ይህ አሠራር ሰውነትን ትንሽ ያሞቅ ይሆናል እንጂ ጨዋታው ለሚጠይቀው ድንገተኛ መዞር፣ መዝለልና መቆም አያዘጋጅም። በዚህ ረገድ በጥናት የተፈተነው መርሐ ግብር ፊፋ ከባለሙያዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ያዘጋጀው «11 ፕላስ» የሚባለው ማሟሟቂያ ነው። በጠቅላላው 15 እንቅስቃሴዎች ያሉት ሲሆን 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። መጀመሪያ ለ8 ደቂቃ ያህል ዳሌን እየከፈቱና ከጓደኛ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተነካኩ በዝግታ ይሮጣል፤ ቀጥሎ ለ10 ደቂቃ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ልምምድ ይሠራል፤ በመጨረሻም ለ2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫና አቅጣጫ የመቀየር ልምምድ ይደረጋል። በኖርዌይ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 1,892 ሴት ተጫዋቾች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መርሐ ግብሩን የሠሩት ቡድኖች ላይ የደረሰው ጉዳት ካልሠሩት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያነሰ ሲሆን ከባድ ጉዳት ደግሞ ወደ ግማሽ ያህል ቀንሷል።

ለእኛ ትምህርት ቤቶች ትልቁ ጥቅሙ ከኳስ በቀር ምንም ዕቃ አለመጠየቁ ነው። ለምሳሌ የታፋን የኋላ ጡንቻ የሚያጠነክረው እንቅስቃሴ ሁለት ልጆች ብቻ ይበቁታል፤ አንዱ ተንበርክኮ ሰውነቱን ከጉልበቱ እስከ ጭንቅላቱ ቀጥ እንዳደረገ ወደ ፊት ቀስ ብሎ ሲያዘነብል፣ ሌላው ከኋላ ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል። በዝላይ ልምምድ ጊዜ መምህሩ ማየት ያለበት ልጁ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ሳይሆን እንዴት እንዳረፈ ነው፤ ሲያርፍ ጉልበቱ መታጠፍና በእግሩ ጣቶች አቅጣጫ መሆን ሲገባው ወደ ውስጥ የሚያዘነብል ከሆነ፣ ያ ልጅ ለጉልበት ጅማት መበጠስ የተጋለጠ ነውና አስተራረፉን ማረም ያስፈልጋል። መርሐ ግብሩ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ካልተሠራ ውጤቱ ይደክማል። በውድድር ቀን መካከለኛው የጥንካሬ ክፍል ይቀርና የሩጫዎቹ ሁለት ክፍሎች ብቻ ይሠራሉ። ጡንቻን ለረጅም ሰከንዶች ስቦ መያዝ ደግሞ ከጨዋታ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ሜዳችን ድንጋይና አሸዋ ነው፤ ጫማም ለሁሉም አይዳረስም። ምን ማድረግ ይቻላል?

ከልምምድ በፊት ተማሪዎች በመስመር ቆመው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እየሄዱ ድንጋይ፣ ጠርሙስና ሚስማር ቢለቅሙ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ብዙ የእግርና የጉልበት ቁስልም ያስቀራል። ተንቀሳቃሽ የጎል ብረቶች መሬት ላይ መታሰር አለባቸው፤ በላዩ ተንጠልጥለውበት የሚወድቅ ጎል ልጅ ይገድላል። በደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ ከማድረግ ሶሉ ዝቅ ያለ ስኒከር ይሻላል፤ ኮንጎ ጫማና ሸበጥ ግን ቁርጭምጭሚትን አይዙም። «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለ» የሚል ተማሪ ካለ፣ አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ እንደሮጠና በዚያም እንዳሸነፈ ይነገረው።

በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መሮጥ የእግርን ጡንቻ ያጠነክራል ተብሎ ይወደዳል፤ ነገር ግን ባትንና የተረከዝን ጅማት በእጅጉ ስለሚጎትት በአጭር ጊዜ መጀመርና ቀስ በቀስ መጨመር ያስፈልጋል። በክረምት ደግሞ ከተማው ላይ ሳይዘንብ ከደጋው የሚወርድ ጎርፍ ድንገት ሊደርስ ይችላል፤ የ1998 ዓ.ም. ክረምት ያደረሰውን ጥፋት የማያስታውስ ድሬ የለም፤ ስለዚህ በዚያ ወቅት ወንዙ ውስጥ ልምምድ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

ሙቀቱን እንዴት እንቋቋም? በጾም ወቅትስ?

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ለሰውነት ግን ሌላ አገር ነው። ከሐረር ወርዶ በዕለቱ የሚጫወት ቡድን ከአስተናጋጁ ቀድሞ ይደክማል፤ ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋልና። ከረጅም ዕረፍት በኋላ ወደ ልምምድ የሚመለስ የድሬዳዋ ልጅም ከዚህ አያመልጥም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ልምምድ አጭርና ቀላል መሆን አለበት። በግንቦትና በሰኔ ልምምድን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መጨረስ ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መጀመር ይመከራል። በየ15 እና በየ20 ደቂቃው ጨዋታው ቆሞ ሁሉም በጥላ ሥር ውኃ ይጠጣ፤ ውኃ መከልከል ተጫዋችን ያጠነክራል የሚለው የድሮ አሠልጣኞች ልማድ አደገኛ ነው።

ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ከባድ ላብና ድካም የሙቀት መዛል ምልክቶች ናቸው፤ ልጁን ወደ ጥላ ወስዶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ አስተኝቶ ውኃ ወይም ኦአርኤስ መስጠት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ልጁ ግራ ከተጋባ፣ የማይገናኝ ነገር ከተናገረ፣ ከተንገዳገደ ወይም ራሱን ከሳተ ግን የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ የሚችልበት የሙቀት ምት ነው፤ ላብ እያላበውም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ደንቡ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ማጓጓዝ ነው። ገንዳ ወይም ትልቅ ሳፋ ካለ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እስከ አንገቱ መንከር፣ ከሌለ በጀሪካን ያለውን ውኃ ሁሉ መላ ሰውነቱ ላይ እያፈሰሱ ማራገብና በብብቱ፣ በአንገቱና በብሽሽቱ የራሰ ጨርቅ እየቀያየሩ ማድረግ ያስፈልጋል። ባጃጅ እስኪመጣ ቆሞ መጠበቅ ውድ ደቂቃዎችን ያባክናል። ራሱን በደንብ ለማያውቅ ልጅ በአፉ ውኃ አይሰጥም።

በረመዷን ከባድ ልምምድን ከማፍጠሪያ በኋላ ማድረግ፣ ወይም ቀለል ያለውን ማፍጠሪያው ሊደርስ ሲል ማድረግ ይቻላል፤ ሌሊቱን ከፊጥር እስከ ሱሑር ውኃን ከፋፍሎ መጠጣት ይረዳል። በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር በኋላ የሚጾሙ ተማሪዎችም እንዲሁ ሊታሰብላቸው ይገባል። ሁለቱንም ያቀፈ ቡድን ያለው መምህር የልምምድ ሰዓቱን ከተማሪዎቹ ጋር ተመካክሮ ቢወስን፣ ማንም ጾሙን ለመደበቅ አይገደድም።

ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል በመጀመሪያው ሰዓት ምን ይደረግ?

ወለምታ በትምህርት ቤት ሜዳ በብዛት ከሚታዩት ጉዳቶች አንዱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ከውጭ በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ይለጠጣል ወይም ይቀደዳል። ተጫዋቹ ወዲያው ከሜዳ ይውጣ፤ ጫማውና ካልሲው ይውለቅ፤ በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቀመጥበት። ፍሪጅ ካለው ሱቅ የሚገኝ በፌስታል የቀዘቀዘ ውኃ ለዚህ ይበቃል፤ በረዶን በቀጥታ ቆዳ ላይ ማድረግ ግን ቆዳን ያቃጥላል። በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ይደገማል። በሚለጠጥ ፋሻ ከጣቶች ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ፋሻው ጠብቋልና ይላላ። ሲተኛም እግሩ ከልቡ ከፍ እንዲል በትራስ ይደገፍ።

ይህን አካሄድ እ.ኤ.አ. በ1978 ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ነው፤ ራሱ ሚርኪን ኋላ ላይ ሙሉ ዕረፍትና በረዶ መዳንን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ጽፎ አስተያየቱን አሻሽሏል። ስለዚህ በአሁኑ ጊዜ በረዶ ሕመም ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት ተደርጎ አይታይም፤ ዕረፍቱም ለአንድ ሁለት ቀን ብቻ ሆኖ ሕመሙ በሚፈቅደው መጠን እግርን ቶሎ ማንቀሳቀስ ይመከራል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሊደረጉ የማይገባቸው ሙቅ ውኃ፣ በቅቤም ሆነ በቅባት አጥብቆ ማሸት፣ አልኮልና ሩጫ ናቸው፤ እብጠቱንና መድማቱን ያባብሳሉ።

ራጅ የሚያስፈልገው መቼ ነው ለሚለው፣ በካናዳ ኦታዋ ከተማ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት ቀላል ደንብ አለ። ልጁ ጉዳቱ እንደደረሰም ሆነ ሲመረመር አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም በግራና በቀኝ የሚታዩት የቁርጭምጭሚት አጥንቶች ጀርባና ጫፍ ሲጫኑ ከባድ ሕመም ከተሰማው ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ መነሣት አለበት። ከእግሩ መሐል በውጭ በኩል ያለው ጉብ ያለ አጥንት ወይም በውስጥ በኩል ከቅስቱ በላይ ያለው አጥንት ሲነካ የሚያመው ከሆነም እንዲሁ። እግሩ ወይም ክንዱ ቅርጹ ከተጣመመ ደግሞ ለማቃናት መሞከር አይገባም፤ በተገኘበት ሁኔታ ከጉዳቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች በሚያካትት ካርቶን ወይም ጣውላ ደግፎ መውሰድ ነው።

ወላጆቼ ወደ ወጌሻ ሊወስዱኝ ይፈልጋሉ፤ ልሂድ?

ቤተሰብ ወጌሻን የሚመርጥበት ምክንያት አለው፤ በሰፈር ይታወቃል፣ ዋጋው ይቀላል፣ ጄሶና ቀዶ ሕክምናም ያስፈራሉ። ወላጆችን በማቃለል የሚገኝ ጥቅም የለም። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። የተሰበረ አካል ያብጣል፤ ያበጠ አካል በቀርከሃና በጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ሲታሰር እብጠቱ መሄጃ አጥቶ የደም ሥሮችን ይጫናል፤ ደም ያልደረሰው ጡንቻም በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። የአገራችን ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ልጆችን አስተናግደዋል፤ ከእነዚህ መካከል መጀመሪያ የነበራቸው ስብራት በጄሶ ብቻ ሊድን ይችል የነበረ ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ መስማማት የሚቻልበት መንገድ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። መጀመሪያ ወደ ድል ጮራ ወይም ወደ ሳቢያን ሆስፒታል፣ በሐረር ደግሞ ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ጁገል ሆስፒታል ሄዶ መመርመር፤ ስብራት ወይም ውልቃት ከሌለ ቤተሰብ በኋላ የሚያደርገው ቀስ ያለ ማሸት ብዙ አይጎዳም። አስቀድሞ የታሰረ ልጅ ቢኖርስ? ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከጨመረ፣ ጣቶቹን ሌላ ሰው ሲዘረጋለት ከጮኸ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት ተፈትቶ ልጁ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ይህ ሐኪም ቤት ያሰረው ጄሶ ላይም ይሠራል፤ ሲጠብቅ ተመልሶ ማሳየት ነው።

በቴስታ የተጋጨ ተጫዋች «ደህና ነኝ» ካለ ይመለስ?

አይመለስም። የአንጎል መናወጥ የደረሰበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አይስትም፤ ስለዚህ «ቆሞ ይሄዳል» የሚለው ማረጋገጫ አይሆንም። ፈዞ መቆም፣ ውጤቱ ስንት ለስንት እንደሆነ ወይም ከየትኛው ቡድን ጋር እንደሚጫወቱ አለማስታወስ፣ ራስ ምታት፣ ብርሃን መጥላት፣ ሚዛን መሳት ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከታየ ልጁ በዚያ ቀን አይጫወትም። ደጋግሞ ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ መጫን፣ አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት ወይም የእጅና የእግር መዛል ካለ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። አንገቱን ካመመው ደግሞ አንስተው አያንቀሳቅሱት፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጅ ደግፎ ባለሙያ እስኪደርስ ማቆየት ነው። ፊት ላይ ውኃ ማፍሰስና ክብሪት ማሸተት የሚረዳው ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ቀለል ያለ ዕረፍት ይደረጋል፤ ስልክና ቴሌቪዥን ይቀነሳሉ፤ በቤት አካባቢ መንሸራሸር ግን ይፈቀዳል። ልጁ መጀመሪያ ወደ ክፍል ትምህርቱ፣ ከዚያም ወደ ስፖርቱ ይመለሳል። የስፖርቱ መመለሻ ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ ከዕለታዊ እንቅስቃሴ ወደ ቀላል ሩጫ፣ ወደ ስፖርቱ ልዩ ልምምድ፣ ወደ ንክኪ የሌለው ልምምድ፣ ሐኪም ከፈቀደ በኋላ ወደ ሙሉ ልምምድ፣ በመጨረሻም ወደ ውድድር። አንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

ልጄ ሳይወድቅ ሳይመታ ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት አብጦ ያመዋል፤ ምንድን ነው?

በፍጥነት በሚያድጉ፣ በተለይም ብዙ በሚሮጡና በሚዘሉ ልጆች ላይ የሚታይ ኦስጉድ ሽላተር የሚባል ችግር ሊሆን ይችላል፤ የታፋው ጡንቻ ጅማት ገና ያልጠነከረውን የአጥንት ማደጊያ ክፍል ደጋግሞ ሲጎትተው የሚመጣ ነው። የልምምዱን መጠን መቀነስና የታፋ ጡንቻን ማፍታታት ይረዳል፤ እድገቱ ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። በሌላ በኩል በዚህ ዕድሜ የማደጊያው ክፍል ከጅማት ይልቅ ደካማ ስለሆነ፣ በአዋቂ ላይ ወለምታ የሚሆነው አደጋ በልጅ ላይ ስብራት ሊሆን ይችላል። ልጆችን «ወለምታ ነው» ብሎ ቶሎ ማሰናበት የማይገባው ለዚህ ነው።

ሕመሙ ጠፍቷል፤ ቅዳሜ መጫወት እችላለሁ?

ከሁሉም ጥያቄዎች በብዛት የሚነሣው ይህ ነው፤ ብዙ ወጣቶች ዳግም የሚጎዱትም በመልሱ ላይ ስለሚቸኩሉ ነው። ሕመም የሚጠፋው ጅማቱና ጡንቻው ብርታታቸውን ከመመለሳቸው በፊት ነው። ከዚህም በላይ የተጎዳ መገጣጠሚያ ያለበትን አቋም ለአንጎል የሚያሳውቅበት ስሜቱ ይደክማል፤ እግሩ መሬት ላይ ሲያርፍ ትንሽ መጣመሙን ቶሎ አያውቅም፤ ስለዚህም በዚያው ቦታ እንደገና ወለም ይላል። ቀድሞ መጎዳት ለሚቀጥለው ጉዳት ከሚታወቁት ምክንያቶች ዋነኛው ነው።

ማገገም በቀን መቁጠሪያ ብቻ አይለካም። ቀላል ወለምታ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ሊሻል ይችላል፤ ከባዱ እስከ ሦስት ወር ይወስዳል። የሚለካው ግን ልጁ ሊሠራ በሚችለው ነገር ነው። መጀመሪያ የመገጣጠሚያው እንቅስቃሴ ይመለስ፤ ለዚህ ተቀምጦ በእግር አውራ ጣት ፊደልን ከ«ሀ» ጀምሮ አየር ላይ መጻፍ ጥሩ ልምምድ ነው፤ የአማርኛ ፊደል ብዛት ለአንዴ ነገር በጀን ማለት ነው። ቀጥሎ ጥንካሬው ይመጣል፤ ግድግዳ ይዞ በሁለት እግር፣ ከዚያም በአንድ እግር ተረከዝን ማንሣት፣ ከብስክሌት ከመነዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ እግርን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ እየገፉ መታገል። ሦስተኛው ሚዛን ነው፤ በተጎዳው እግር ብቻ ለ30 ሰከንድ መቆም፣ ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ መቆም፣ ከዚያም ቆሞ ሳለ ጓደኛ የሚወረውረውን ኳስ መቅለብ። ይህ የሚዛን ልምምድ ልጁ ወደ ሜዳ ከተመለሰ በኋላም ለሳምንታት መቀጠል አለበት፤ ተማሪዎች በመጀመሪያ የሚተዉት ግን እርሱን ነው፤ ጥርስ መቦረሽን ያህል አሰልቺ ነውና።

ከዚያ በኋላ ቀጥ ያለ ሩጫ፣ ጠመዝማዛ ሩጫ፣ ድንገት ቆሞ መዞር፣ ሙሉ ልምምድ፣ በመጨረሻም ግጥሚያ በየተራ ይመጣሉ። በማግስቱ ጠዋት እብጠት ወይም አዲስ ሕመም ካለ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ለመወሰን የሚረዳ ቀላል ፈተና አለ፤ በጤነኛው እግር አንድ ጊዜ ነጥሮ የተደረሰበትን ርቀት መለካት፣ በተጎዳውም እንዲሁ ማድረግ፤ የተጎዳው ከጤነኛው 90 በመቶ ካልደረሰ ለውድድር ገና ነው።

በጉልበት መካከል ያለው የፊተኛው ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወጣት ደግሞ መዞርና መጋጨት ወዳለበት ስፖርት ከዘጠኝ ወር በፊት መመለስ የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው እስከ ዘጠኝ ወር ድረስ እያንዳንዱ የመታገሥ ወር ዳግም የመጎዳትን መጠን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ቀነኒሳ በቀለ ከእ.ኤ.አ. 2010 መጀመሪያ አንሥቶ በባት ጉዳት ከውድድር ርቆ፣ በ2011 ዴጉ ላይ የ10,000 ሜትሩን ሩጫ አቋርጦ እንደወጣ፣ በሳምንታት ውስጥ ግን ብራስልስ ላይ ርቀቱን በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ እንደጨረሰ የሚያስታውሱ ይኖራሉ። ያን የመሰለ ሯጭ ይህን ያህል የጠበቀውን፣ ለክፍሎች ውድድር ሲባል በሦስተኛ ቀን ልግባ ማለት ምን ያስቸኩላል?

ማስታገሻ ወስዶ መጫወትስ? ጫት «ያነቃል» የሚሉም አሉ።

ዲክሎፍናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ሕመሙን ይደብቃሉ እንጂ ጅማቱን አያጠነክሩም፤ በሙቀት ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ ሲወሰዱ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ለመጫወት ብሎ መውሰድ አይገባም።

ጫትን በተመለከተ በዚህ አካባቢ ዝም ማለት አይቻልም። የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፤ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ይነሣል፤ ድካምን ስለሚሸፍንም ተጫዋቹ ማቆም ባለበት ጊዜ አያቆምም። የሚያገግም አካል ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ደግሞ ምግብና እንቅልፍ ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በውድድር ወቅት የተከለከለ አነቃቂ ሲሆን፣ ካቲን የሚባለውም በሽንት ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮ ግራም ሲያልፍ እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ወደ ክለብ የማደግ ሕልም ያለው ተማሪ ይህን ቀድሞ ይወቅ።

ሴት ተማሪዎች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል?

በተመሳሳይ ስፖርት የጉልበት የፊተኛው ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ በብዙ እጥፍ ይታያል፤ ስለዚህ ከላይ የተነገረው የአስተራረፍና የጥንካሬ ልምምድ ለእነርሱ የበለጠ ያስፈልጋል። በአብዛኛው የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ ወንዶቹ ሲለማመዱ ሴቶቹ ዳር ቆመው ያያሉ፤ ዓመታዊው ውድድር ሲደርስ ያለ ዝግጅት ይገባሉ። ከዚህም ሌላ ከእርዳታ ሰጪዎቹ መካከል ሴት ተማሪዎች እንዲኖሩ ማድረግ ይገባል፤ ታፋዋን ወይም ብሽሽቷን ያመማት ልጅ ለወንድ መምህር ከመናገር ሕመሟን ይዛ መጫወትን ልትመርጥ ትችላለች።

ማንም ሳይነካው የወደቀ ተጫዋችን ምን እናድርግ?

የልብ መቆም እንደሆነ አድርጎ መጀመር ይገባል። ትከሻውን ነክተው ሲጠሩት ካልመለሰና በደንብ ካልተነፈሰ፣ አንዱ እየጮኸ አምቡላንስ ሲያስጠራ ሌላው በደረቱ መካከል ሁለት እጁን ደራርቦ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እየገፋ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን፤ ሲደክም ሌላ ይተካው። ማቃሰት የሚመስል አልፎ አልፎ የሚሰማ ትንፋሽ እንደ መተንፈስ አይቆጠርም። «ምላሱን ዋጠ» ብሎ አፉን ለመክፈት መታገል ጊዜ ያባክናል። ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪየን ፎዬ እ.ኤ.አ. በ2003 ሊዮን ላይ በጨዋታ መሐል ወድቆ ሕይወቱ አለፈ፤ ዴንማርካዊው ክርስቲያን ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ2021 ኮፐንሃገን ላይ በተመሳሳይ ሁኔታ ወድቆ ደረቱን ወዲያው በመጫንና በልብ ማስነሻ መሣሪያ ድኗል። መሣሪያው በትምህርት ቤት ባይኖርም እጅ አለ። ስፖርት ሲሠራ ራሱን የሳተ ወይም በቤተሰቡ በወጣትነት ድንገት የሞተ ሰው ያለበት ተማሪ ከልምምድ በፊት ልቡን ይመርመር።

በትምህርት ቤቱ ሳጥን ውስጥ ምን ይኑር?

የሚለጠጥ ፋሻ፣ ጎዝ፣ ፕላስተር፣ ጓንት፣ መቀስ፣ ኦአርኤስ፣ ለክንድ ማንጠልጠያ የሚሆን ሦስት ማዕዘን ጨርቅ፣ ሳሙናና ንጹሕ ውኃ ይበቃሉ። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የአምቡላንስ ስልክና ፈቃደኛ የሆነ የአንድ ባጃጅ ሾፌር ቁጥር ይለጠፍ። የሳጥኑ ቁልፍ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎ ከዋለ ሳጥኑ የለም ማለት ነው። አብሮት አንድ ደብተር ይኑር፤ ማን፣ መቼ፣ በምን እንቅስቃሴ፣ በየትኛው የሜዳ ክፍል እንደተጎዳ ይጻፍበት። ወለምታ ሁሉ በአንድ የሜዳ ጥግ የሚደርስ ከሆነ መጠገን ያለበት የትኛው ቦታ እንደሆነ ደብተሩ ያሳያል።

ይህን ወድጄዋለሁ፤ በዩኒቨርሲቲ ልቀጥልበት እችላለሁ?

ይቻላል። በቅርብ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለው፤ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ደረጃ ለማጥናት የሚፈልግ ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲን ሊያስብ ይችላል። ለፊዚዮቴራፒ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍን መምረጥ ያስፈልጋል፤ ባዮሎጂና ፊዚክስም ጠንከር ብለው መያዝ አለባቸው፤ ጡንቻ አጥንትን የሚያንቀሳቅስበት መንገድ በፊዚክስ ክፍል ከሚማሩት የማንሻ ሕግ የተለየ አይደለምና።